መኪናው ነው የሚያረፍደው

ወዳጆቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ዱብቲ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ውስጡ የቆየ ይቅርታ አለ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሎጊያ ደወለልኝ። ሰላምታው ከጤና እስከ ዝናብ፣ ከዝናብ እስከ ግመል ዋጋ ከሄደ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ልገዛ ነው። ነዳጅ ከመሰለፍ ትገላገላለህ ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?"

ፊዚክስ ስላስተማርኩት ስለ ባትሪ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። የምችለውን መከርኩት። የባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ብርቅ አይደለም አልኩት። ቀትር ላይ ሠርተህ እንደገባህ ሞተሩም ባትሪውም እንደጋለ ቻርጅ ላይ አትሰካው፤ ጥላ ውስጥ አቁመው፣ ይቀዝቅዝ፤ ከመግዛትህ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ባትሪው ሲደክም የሚተካው የት እንደሚገኝና በስንት ብር እንደሆነ ጠይቅ አልኩት። ጥሩ ምክር ነበር። አመሰገነኝ፣ ስልኩን ዘጋን።

እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሞተር ነው፣ የመለስኩለትም ስለ ሞተር። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ የነገረችኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ጥያቄው የሞተር አይደለም። እሱን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

መጀመሪያ አካባቢውን ለማታውቁት ላስረዳ። አሁን የምኖረው ደሴ ነው፤ የማወራችሁ ግን ስለ ደሴት ነው። ዱብቲ ባሕር የላትም፣ ከአዋሽ ወንዝ በቀር። ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆማችሁ መኪና ብትጠብቁ ደሴት ላይ እንዳላችሁ ይገባችኋል። ጀልባው ይመጣል፣ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

ሦስት ከተሞች አሉ፤ ሰመራ፣ ሎጊያና ዱብቲ። የክልሉ ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሰመራ ናቸው። ገበያው፣ ጋራዡ፣ የከባድ መኪናው ማደሪያ ሎጊያ ነው። ለዓመታት የክልሉ ዋነኛ ሪፈራል ሆስፒታል ሆኖ የቆየው ደግሞ ዱብቲ ነው፤ እርሻውም እዚያው ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። እንደ እኔ ሦስቱ አንድ ከተማ ናቸው። የአንድ ከተማ ሥራ ቤት፣ ገበያና ሐኪም ቤት ተበጣጥሶ በረሃ ላይ የተዘረጋ በሉት። አዲስ አበባ ላይ ከመገናኛ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሰው አገር አቋረጥኩ አይልም። ከዱብቲ ሰመራ ግን ስንቅ የሚያስፈልግ ይመስላል።

የሚገርመው መንገድ የለም እንዳይባል አገሪቱ ካላት መንገድ ሁሉ ትልቁ የሚያልፈው በዚያ ነው። ድሮ የአሰብ መንገድ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የጂቡቲ መንገድ ሆነ። ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው በሎጊያ በር ላይ ያልፋል። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ የናንተ ስልክ፣ የእኔ ጫማ። ሌሊት ሎጊያ ብታድሩ የተሳቢው ድምፅ አያስተኛችሁም።

እኔ ዱብቲ የገባሁት በ1996 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያየሁት ነገር ቢጠቀለል ይኼ ነው፤ መንገድ አለ፣ መጓጓዣ የለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መንገድ በጀት ተይዞ አንዴ ይሠራል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። መጓጓዣ ግን በየቀኑ ጠዋት እንደገና መሠራት አለበት፤ እንደ ዳቦ።

እና ያቺ ልጅ።

1ኛ መንፈቅ ነበር፣ 2001 ዓ.ም.። ያኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር አድርገውኝ ነበር። ወጣት ነኝ፣ ሥርዓት እወዳለሁ። 1:30 ላይ ሰልፍ፣ 1:40 ላይ በር ይዘጋል። የሚዘጋው ዘበኛው ነው፣ ቁልፉን ከጎኑ ሆኜ የማየው ግን እኔ ነበርኩ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሦስት ቀን ያረፈደ ወላጅ ያመጣል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። ከከተማው ወጣ ካለ የእርሻ ካምፕ ነው የምትመጣው። እናቷ የቀን ሠራተኛ ነበረች። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ በተለይ ሒሳብ። ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከበሩ ውጭ ትቆም ነበር። ቀይ አቧራ ቅንድቧ ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ። ምክንያት አትናገርም። ጠየቅኳት፣ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ድፍረት ቆጠርኩት። "ወላጅ" አልኳት።

ወላጅ አልመጣም። ልጅቷም አልተመለሰችም።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ዓመት ያቋረጡት እሷ ብቻ አልነበሩም። የቀረውን ልጅ ስም ከመዝገብ ላይ በቀይ እስክርቢቶ እንሰርዛለን፣ ቅዳሜ ሲሆን ሪፖርቱን እንሞላለን። "ምክንያት" በሚለው ዓምድ "በግል ችግር" ብዬ እንደጻፍኩ አስታውሳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወደ ሰመራ ስሄድ ከሚኒባስ ወርጄ ሎጊያ ላይ ሻይ ልጠጣ አንድ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሹፌሮች የሚጠጡበት፣ ከአስፋልቱ አሥር እርምጃ የማይርቅ ቤት ነው። ሻይ ቀድታ ያመጣችው ሴት አየችኝና ሳቀች።

"ቲቸር! አላወቁኝም?"

አላወቅኋትም። ስትነግረኝ ነው የደነገጥኩት። ተቀመጠች፣ ዳጉ ጀመርን። አፋሮች ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንም የሰማውንም በሥርዓቱ ይነጋገራል፤ ያ ነው ዳጉ። እሷ አፋር አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም፤ ግን ዱብቲ የኖረ ሰው ዳጉ ሳያደርግ አይለያይም። እሷ የሷን ነገረችኝ፣ እኔ የኔን። በመጨረሻ ለምን እንዳቋረጠች ጠየቅኳት። ሲጠየቅ የሚያሳፍር ጥያቄ ነው፤ መልሱ በከፊል እኔ ነኝና።

እንዲህ አለችኝ፤ "ቲቸር፣ እኔ አርፍጄ አላውቅም። 11 ሰዓት ተነስቼ 12 ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። መኪናው ነው የሚያረፍደው።"

ዝም አልኩ። ቀጠለች። ከካምፑ ዳር የምትቆምበት ቦታ ላይ የሚያልፈው መኪና ከሞላ አይቆምም፣ ካልሞላ ደግሞ እስኪሞላ ከመነሻው አይነሳም። አንዳንድ ቀን የእርሻው ትራክተር ተሳቢ ላይ ከሠራተኛ ጋር ትሳፈራለች። አንዳንድ ቀን በእግሯ ትሄዳለች። ባጃጅ ሲመጣ "ኮንትራት ነው" ይላታል፤ የኮንትራቱ ዋጋ የእናቷን የቀን ገቢ ግማሽ ይበላል። "ወላጅ" ስላት ደግሞ እናቷ ልትመጣ አልቻለችም፤ ከተማ ለመምጣት የአንድ ቀን ሥራ መተው አለባት፣ ለመመለስም ያው መኪና መጠበቅ አለባት።

ለእኔ አሥር ደቂቃ ማርፈድ ነበር። ለነሱ የቀን እንጀራ።

ይቅርታ የምለው ለዚህ ነው። እሷን በአካል ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ "ተዉት ቲቸር፣ ልጅ ነበሩ" ብላ ሳቀችብኝ፣ የሻዩንም ሂሳብ አልቀበልም አለች። ግን በዚያ በር ውጭ የቆማችሁት እሷ ብቻ አልነበራችሁም። ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ያረፈዳችሁት እናንተ እንዳልነበራችሁ አሁን ገብቶኛል። ቁልፉን ማየት ትቼ መንገዱን ማየት ነበረብኝ።

አሁን ወደ ባጃጁ ልመለስ።

ያ ደውሎ የጠየቀኝ ልጅ ትክክል ነው፤ ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነዳጁም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ቤንዚን በሊትር 101.47፣ ናፍጣ 98.98 ብር መግባቱን ታስታውሳላችሁ። ዱብቲ ደግሞ ኤሌክትሪክ ብርቋ መሆን ያልነበረባት ከተማ ናት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተንዳሆ አካባቢ፣ እዚያው ዱብቲ እርሻ ውስጥ ሳይቀር፣ የእንፋሎት ኃይል ለመፈለግ ስድስት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከእግራችን በታች የሚፈላ ውኃ አለ። ክፍል ውስጥ ስለ ሙቀትና ኃይል ሳስተምር "ለምሳሌ" ብዬ በመስኮቱ የማሳያችሁ እሱን ነበር።

ግን ነዳጁን በኤሌክትሪክ ብንቀይረው ያቺ ልጅ 1:30 ላይ ትደርስ ነበር? አትደርስም። ኤሌክትሪክ ባጃጅም "ኮንትራት ነው" ይላል። ኤሌክትሪክ ሚኒባስም እስኪሞላ ይጠብቃል። ሞተሩ ይቀየራል፣ ተራው ግን ያው ነው።

ችግሩ "ሲሞላ እንሄዳለን" የሚለው አሠራር ነው። ሹፌሩን አልወቅስም። ለባለ መኪናው በቀን የሚያስገባው ቁርጥ ገቢ አለበት፤ ነዳጁ የሱ ነው፤ ረዳቱ አለ፤ ተራ አስከባሪው አለ። በባዶ ወንበር ከሄደ ኪሳራው ከሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ይጠብቃል። እኔም ሹፌር ብሆን እጠብቃለሁ።

እስቲ እንደ ድሮው ጠመኔ ይዤ ላስላላችሁ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል እንበል። ወደ መነሻው በየ5 ደቂቃው አንድ ሰው ይመጣል። ለመሙላት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። መጀመሪያ የገባው ሰው ለ20 ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቀመጣል፤ ያውም በዚያ ሙቀት፣ ያውም ቆርቆሮ ውስጥ። አሁን ከአራት ሰው አንዱ ተማርሮ "ባጃጅ ይሻለኛል" ብሎ ሄደ እንበል። መነሻው ላይ የሚመጣው ሰው በሰዓት ከ12 ወደ 9 ወረደ። 12ቱን ለመሙላት አሁን 80 ደቂቃ ያስፈልጋል። መጠበቁ ሲረዝም ሌላ ሰው ይማረራል። እሱም ሲሄድ የሚቀረው የበለጠ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የሚቀሩት እነማን ናቸው? ሌላ አማራጭ የሌላቸው። ተማሪ፣ እርጉዝ፣ ሽማግሌ፣ ሆስፒታል የተቀጠረ ሕመምተኛ።

ይሄን አዙሪት ባለመኪና ብቻውን አይሰብረውም። ተሳፋሪም ብቻውን አይሰብረውም። የሚሰብረው አንድ ነገር ነው፤ ሞላ አልሞላ በሰዓቱ የሚነሳ መኪና።

"ይሄማ ለሀብታም አገር ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ሌሎች ደሴቶች ምን አደረጉ? ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ያሉ ደሴቶች ሰው በብዛት የማይኖርባቸው፣ ከዋናው ምድር በዋናነት በጀልባ የሚገናኙ ናቸው። ጀልባው ውድ ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙከራ አንድ አሠራር አመጡ፤ የጀልባው ዋጋ ያንኑ ርቀት በመንገድ ቢነዱት ከሚያወጣው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ይተመናል፣ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው ደሴት ላይ ስለተወለደ መቀጣት የለበትም። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖስታ የሚያመላልሰው መኪና ሰውም እንዲጭን አደረገች። ተራራ ላይ ላለች ትንሽ መንደር ለብቻው አውቶቡስ መመደብ አያዋጣም፤ ደብዳቤው ግን መሄዱ አይቀርም። የማይቀረውን ጉዞ ከሰው ጋር አገናኙት። ዛሬም ቢጫዎቹ አውቶቡሶች በሰዓታቸው ይሄዳሉ።

እኛ ጋ የማይቀረው ጉዞ የቱ ነው? የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ! ጠዋት ጠዋት ከሎጊያ ወደ ሰመራ፣ ከሰመራ ወደ ዱብቲ፣ ከዱብቲ ወደ ሰመራ ስንት ሰርቪስ ይመላለሳል? ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ሕመምተኛ የቆመበት ጥግ ላይ ሲያልፍ ራሴ አይቻለሁ፤ ተሳፍሬም አልፌያለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ለራሱ አውቶቡስ ይገዛል፣ ለራሱ ነዳጅ ይመድባል፣ ሠራተኛውን አድርሶ ከሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቆሞ ይውላል።

አሁን ሁለተኛ ስሌት። ከዱብቲ በሰመራ አድርጎ ሎጊያ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብለን እንያዝ። አንድ መካከለኛ አውቶቡስ በቀን አምስት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ በቀን 50 ሊትር ነው፤ ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው 5,000 ብር። በእያንዳንዱ ጉዞ በአማካይ 20 ሰው በ25 ብር ቢሳፈር፣ አሥር ጉዞ ነውና 5,000 ብር ይገባል። አያችሁ? ትኬቱ ነዳጁን ብቻ ሸፈነ። የሹፌር ደመወዝ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ አውቶቡሱ ሲያረጅ የሚተካበት ገንዘብ ሁሉ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ይሄን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ቁጥሩን ደብቀን የምንጀምረው ነገር የት እንደሚደርስ ስላየን ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ተደስተናል፤ እኔም ከነልጄ ሄጄ ተሳፍሬ ፎቶ ተነስቻለሁ። 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ኤሌክትሪክ ነበር፣ ጭስ የለውም፣ ዘመናዊ ነው። ዘላቂ ግን አልሆነም። "ዘላቂ" የሚለው ቃል ስብሰባ ላይ ሲነገር ስለ ጭስ ብቻ ይመስላል። ለእኔ ዘላቂ መጓጓዣ ማለት የዛሬ አምስት ዓመትም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማቆሚያ የሚመጣ ማለት ነው። ጭስ ባይኖረው ደግሞ እሰየው።

ድጎማም የለም አይባልም። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ ድጎማ አድርጎ ነበር፤ በቴሌብር ስትቀዱ ታውቁታላችሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የተደጎመው ሊትሩ ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ለሹፌሩ "ሊትሩን በቅናሽ ውሰድ" ከማለት "12:30 ላይ ከተነሳህ፣ ሞላም አልሞላም፣ ለኪሎ ሜትሩ ይኼን ያህል እከፍልሃለሁ" ብንለው ምን ይሆናል? ያን ጊዜ ባዶ ወንበር የሹፌሩ ሥጋት መሆኑ ይቀራል። የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም። በዓለም ላይ በሰዓቱ የሚሄድ አውቶቡስ ያላቸው ብዙ ከተሞች የሚከፍሉት እንዲህ ነው፤ በተሳፋሪ ቁጥር ሳይሆን በተነዳ ኪሎ ሜትርና በተከበረ ሰዓት።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይቺ ናት። ሁለት አውቶቡስ። ብዙ አይደለም፣ ሁለት። አንዱ ከዱብቲ፣ አንዱ ከሎጊያ ይነሳል። ደርሶ መልሱ ከነማቆሚያው አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ በሁለት አውቶቡስ በየ45 ደቂቃው አንድ ጉዞ ይኖራል ማለት ነው። የዱብቲን ቀትር ታውቁታላችሁ፣ ሰው አይወጣም። ስለዚህ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይሥሩ፤ ያው አምስት ደርሶ መልስ ነው። ቀትር ላይ ይረፉ። ነገ ኤሌክትሪክ ሲሆኑ ደግሞ ጥላ ውስጥ ቀዝቅዘው ቻርጅ የሚደረጉት ያኔ ነው። ገንዘቡ? ለሰርቪስ ነዳጅና ሹፌር የሚመድቡ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ያንኑ በጀት አንድ ላይ ያዋጡ፤ ሠራተኛቸው በመታወቂያው ይሳፈር፣ ሌላው ሕዝብ ትኬት ይቁረጥ። ባጃጆቹ ሥራ አያጡም፤ ከማቆሚያው ወደ ሰፈር፣ ወደ ካምፕ ያደርሳሉ። ያ ልጅ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ባጃጅ ለአጭር መንገድ ነው የሚመቸው፤ ባትሪውም ዕድሜ ያገኛል።

ማቆሚያው ላይ ጥላ ይኑር። ጥላ እንደ ቅንጦት የሚታየው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዱብቲ ላይ ጥላ የሌለው ማቆሚያ ማቆሚያ አይባልም። መንገዱ ደግሞ ጎርፍ ይቻል። ነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ ዱብቲና አሳይታ አካባቢ ስንት ሺህ ሰው እንደተፈናቀለ አትረሱትም። ውኃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የካምፖቹና የቀበሌዎቹ መንገድ ነው፤ ዋናው አስፋልት ላይ ተሳቢው ያልፋል።

ሰዓቱን ለሕዝብ ማሳወቅ አይቸግርም። አፕ አያስፈልግም። አንድ ሳምንት ሙሉ አውቶቡሱ ሳያጓድል 12:30 ላይ ይነሳ፤ ቀሪውን ለዳጉ ተዉለት። በሁለተኛው ሳምንት አሳይታም ይሰማል። አንድ ቀን ካጓደለ ግን ያም በዳጉ ይሄዳል፤ ከአውቶቡሱ ቀድሞ።

ሐዲድም ሆነ አውቶቡስ ከተማን የሚሠራው በሰዓቱ ነው። አዋሽ ከተማን አስቡ። ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። የድሮው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት እዚያ ደርሶ ነበር። እዚያ ያደገ አንድ ባልደረባዬ እናቱ ሰዓት አልነበራትም ይላል፤ እንጀራ የምትጋግረውም፣ ልጆቿን የምታስነሳውም በባቡሩ ጩኸት ነበር። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ነው፤ እሱም በአዋሽ አድርጎ በድሬዳዋ ይሄዳል። ወደ ሰመራና ዱብቲ አይመጣም። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሌላው ሐዲድ ደግሞ ለዓመታት ያለ ተሳፋሪ ቆየ። እኛ ባቡር እንጠብቅ አልልም። ሁለት አውቶቡስ ነው ያልኩት።

ያቺ ልጅ፣ አሁን ልጅ አይደለችም፣ ሻይ ቤቷ ውስጥ ያለችኝን አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ሴት ልጅ አለቻት። አንደኛ ክፍል ገብታለች። የሚኖሩበትን ቤት አሳየችኝ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ነው። ኪራዩ ሲነገረኝ ደነገጥኩ።

"ራቅ ብሎ በግማሽ ዋጋ ታገኚ የለም እንዴ?" አልኳት።

"አገኛለሁ" አለች። "ግን ቲቸር፣ እሷን መኪና አያረፍድባትም።"

የትራንስፖርቱን ገንዘብ ለቤት አከራይ እየከፈለች ነው። መጓጓዣ የሌለበት ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ለመጓጓዣ ይከፍላል፤ አንዱ በኪራይ፣ አንዱ በጊዜ፣ አንዱ በትምህርቱ፣ አንዱ በሕመሙ። ሁለት አውቶቡስ ውድ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ይሄንን ሂሳብ ይደምርልኝ።

ለባጃጅ ገዢው ተማሪዬ፤ ግዛው ልጄ፣ ይቅናህ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ደብተር ደረቷ ላይ ይዛ የቆመች ልጅ ካየህ፣ ኮንትራት አትበላት።

ዱብቲ፣ ሰመራ፣ ሎጊያ ያላችሁ ደግሞ እስቲ ጻፉልኝ። ዛሬ ጠዋት ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ? እኔም እንደ ድሮው መዝገብ ይዤ እቀመጣለሁ። አሁን ግን የምመዘግበው የመኪናውን ማርፈድ ነው።